ሰባራ ድልድይና ሁለተኛው ሰርቨር

«ሲስተም የለም።»

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ሥር ወረፋ ይዤ የሰማሁት ነው። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በላስቲክ የጠቀለሏትን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡ ናቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «ነገ ይመለሱ አባቴ» አለቻቸው። አልተንቀሳቀሱም። «የት ሄዶ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን በዚያ ግቢ ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር ያለው የእርሳቸው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የጠፋ ፋይል የት ይሄዳል? ሌላ ማደሪያ ካለው እዚያ ይገኛል። ከሌለው ልጅቱ ያለችው ቃል በቃል እውነት ነው፤ የለም።

ይህ አገር ለጥያቄው እንግዳ አይደለም። የእኒህ ሰው አያት ቅድመ አያቶች ስለ ርስታቸው ማስረጃ ሲፈልጉ የሚሄዱት ወደ ደብር ነበር። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ደብሩ ከቅዳሴውና ከማኅሌቱ ጋር የሕዝቡንም መዝገብ ይዞ ኖረ፤ መሬት ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ ለልጅ ሲሰጥ በብራና ላይ ይሰፍር ነበር። ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ከእንዲህ ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ሰነዶች ብዙ ቀድቷል። እነዚህን ጽሑፎች ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስገርመው የውሉ አጭርነት ነው። እገሌ ለእገሌ ይህን መሬት በይህን ያህል ሸጠ፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን የስም ሰልፍ ይከተላል፦ ዳኛው፣ ዋሱ፣ እማኞቹ። ከነገሩ ይልቅ ነገሩን የሰሙት ሰዎች ብዙ ቦታ ይይዛሉ።

ይህ ሰልፍ ለጌጥ አልነበረም። ብራናው ቢፋቅ ወይም ቢቃጠል ውሉን በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች አሉ፤ ሰዎቹ በወረርሽኝ ቢያልቁ ብራናው ማኅደሩ ውስጥ አለ። ምስጥ እማኝን አይበላም፤ ፈንጣጣም ብራናን አይገድልም። ሁለቱ ማስረጃዎች በአንድ ሞት የሚሞቱ አልነበሩም። ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያ ገና ሥራ ሲጀምር የሚነገረው ምክር አለ፦ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አድርገው፣ አንዱን ከግቢ ውጭ አስቀምጠው። የሞጣ ጸሐፊዎች ይህን ቁጥር አልሰሙትም፤ ሐሳቡን ግን ኖረውበታል።

የኖሩበትም ዝም ብለው አይደለም፤ ዋጋ ከፍለው ነው። ከሞጣ ብዙ ሳይርቅ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯት መርጡለ ማርያም በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ ተቃጥላለች። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 በቆየው በዚያ ጦርነት የስንት ደብር ዕቃ ቤት ከነመጻሕፍቱ አመድ እንደሆነ የሚቆጥረው የለም። እሳቱ ያልደረሰባቸውን ግን ዛሬም እናያቸዋለን፤ ከጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በገመድ ካልሆነ ከማይወጣባቸው አምቦች። ውኃና ገደል ያኔ ከማንኛውም ቁልፍ የተሻሉ ጠባቂዎች ነበሩ። ከብራናው ሌላ ደግሞ በሰው ልብ የተረፈ ነበር። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ከዚያ እሳት ተርፎ እንደገና ለአገር የተዳረሰው ከጋይንት ቤተልሔም ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ የዜማው ምልክት በብራና፣ ዜማው ራሱ በመምህራኑ ጉሮሮ።

ይህ የቃል ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያየ ሰው ስለ ማሽን ሲነገረው ብዙ አይደነቅም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በልጅነታቸው ቅኔ ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች አንዱ ነበርና። እንዲህ ባለ ጉባኤ ቤት ተማሪው የትናንቱን ቃል ዛሬ ጠዋት ካላስረከበ አዲስ አይቀበልም። በልቡ ያለው ቅጂ በየቀኑ ይፈተናል ማለት ነው። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ እንኳ ይሰሟታል፤ «ተመለስ» ይላሉ። የኔታ ሲታመሙም ጉባኤው አይታጠፍም፤ የበሰለው ተማሪ፣ አስነጋሪው፣ ታናናሾቹን ያስኬዳል። ሲያርፉ ደግሞ ወንበሩን የሚዘረጋው ከዚያው ከእግራቸው ሥር የተነሣ ነው። በቤተ መቅደሱም ያው ነው። ካህናቱ በሰሞን ተከፍለው ይገባሉ፤ የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ በሚቀጥለው ሳምንት ያርፋል፣ ያረፈው ይገባል። በመጠባበቅ ብዛት ሥራ የሚረሳ ሰው አይኖርም፤ ተራው ሳይዘገይ ይደርሰዋል።

አባቶች ሁሉን ነገር ይገለብጡ ነበር ማለቴ አይደለም። ቅኔ አንዴ ከተቀኘ አይደገምም፤ በየሰንበቱ ተዘርፎ አየር ላይ የቀረው ሰምና ወርቅ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል። የሚጠበቀውን ከሚያልፈው መለየትም የእውቀቱ አንድ ክፍል ነበር። ዛሬ የሠርግ ቪዲዮውንና የሠራተኛውን ደመወዝ መዝገብ በአንድ ዲስክ ላይ አጭቀን «ሞላ» የምንል ሰዎች ይህን ልብ ብንለው አይከፋም።

የሚጠበቀውን በየቦታው በትኖ የማኖሩን ልማድ ያፈረሰው አንዳንዴ ጠላት ሳይሆን የራስ ታላቅ ሐሳብ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት መድኃኔዓለም ሲሉ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ወደ አንድ አምባ አሰበሰቡ። አምባው ሲታይ የማይደፈር ነው፤ ለንጉሡም ከተበተነ የተሰበሰበ የተሻለ መስሏቸው ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ግን የብዙ ደብር ሀብት በአንድ ቀን ወደቀ፤ ወደ 1,000 ከሚጠጉት መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ያልተሰበሰቡት የየገጠሩ ደብር መጻሕፍት በየቦታቸው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው ሲጠይቁ መጽሐፉ የተመለሰላቸው በአንድ ቀላል ምክንያት ጭምር ነው፦ ለንደን ሁለት ቅጂ ነበራት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የቆየውም በተአምር አይመስለኝም። አራማይክኛውና ግሪክኛው ሲበጣጠሱ የእኛዎቹ ቁም ጸሐፊዎች መቃ ብዕራቸውን እየቀረጹ፣ በዚህም በዚያም ደብር፣ ሳይሰለቹ ስለገለበጡት ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዞ ነበርና እርሱም ነገሩ የገባው ይመስላል።

ብራናውን ልተወውና ወደ ድንጋይ ልውረድ። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ለወረደ መንገደኛ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የመጣ ባለ ቅስት ድልድይ አለ፤ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ የኖረ። ሰዉ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን ሰበሩት። ጠላት ወጣ፤ ስብራቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ገበያተኛው የተሻገረው በገመድ ነው። ከወዲህ ጥቂት ጎልማሶች፣ ከወዲያ ጥቂት ጎልማሶች ገመዱን ይይዛሉ፤ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ፣ እግሩ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ፎቶውን አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ክፍተቱን በብረት ሞላው፤ ለገጠር ሰዎች ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም ከዚያው ተወለደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ መጣና ያንን ብረት ይዞት ሄደ። ጥገናው ንጹሕ ነበር፤ ችግሩ የቆመበት ከፍታ ነው። አሮጌው ድንጋይ ባለበት ልክ ስለተቀመጠ ለአሮጌው የሚያሰጋ ጎርፍ ለአዲሱም ያሰጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ሲሠራ ቦታውም ዓይነቱም ተለወጠ፤ ከውኃው ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሆነ። እኔ ስለ ሰርቨር ሰዎችን ሳስረዳ ከዚህ ድልድይ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ቴክኒኩን ከመናገሬ በፊት «ያ ብረት ለምን ሄደ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሞጣ ልጅ ካለ መልሱን ሌላው ሳይቀድመው ይናገራል።

የሽቦውን ዘመን በጥቂቱ ልለፈው። ስልክ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በፊትም አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን በኩል ኢሜይል ነበራት፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ስልክ ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይላካል፣ ልክ የገበያ ቀን ጠብቆ እንደሚሄድ ደብዳቤ። ቀጥሎ ወረዳኔት መጣ፤ የየወረዳው ጽሕፈት ቤት በሳተላይት ከአዲስ አበባው ማዕከል ጋር ተያያዘ። ትልቅ ሥራ ነበር። አሠራሩ ግን የመቅደላን ቅርጽ ይመስላል፤ ሁሉም ወደ አንድ አምባ የሚመለከት። አገሪቱ ራሷ ወደ ባሕር ማዶ የምትወጣባቸውን የፋይበር መስመሮች በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል አድርጋ ስትከፋፍል፣ ታች ያለው መሥሪያ ቤት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሶኬት ላይ ቀረ።

ያን ቀን አዛውንቱ ከሄዱ በኋላ የአይቲ ልጁ ሰርቨሩን አሳየኝ። መጋረጃ ገለጥ አድርጎ «ሁለት ነው ያለን፣ ጋሼ» አለኝ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ናቸው። አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል። የሁለቱም ገመድ መሬት ላይ ወዳለች አንዲት ማከፋፈያ ይገባል፤ ማከፋፈያዋ ከአንድ ዩፒኤስ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ ሁለቱ አብረው ይተኛሉ። ባክአፕ አለህ ወይ ስለው ከመሳቢያ በቀይ ክር የታሰረ ሃርድ ዲስክ አወጣ። ከፍተንበት ያገኘነው የመጨረሻ ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል። በዚያ ሁለት ዓመት ማንም አልከፈተውም። በልጁ አልፈረድኩም፤ ሲቀጠር የተረከበው እንዲሁ ነው።

ነገሩ በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ተጠባባቂው ሰርቨር የዋናውን ፋይል እየተከታተለ ይገለብጣል፤ በየሰከንዱም «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤ ባለሙያዎች የልብ ትርታ ይሉታል። ትርታው ሲቆም ተጠባባቂው የዋናውን አድራሻ ወስዶ ተጠቃሚው ብዙም ሳያውቀው ሥራውን ይቀጥላል። ፌይልኦቨር የሚባለው ይህ ነው። አደጋው ያለው ዋናው ሳይሞት በመካከላቸው ያለው ሽቦ ሲበጠስ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ «ሌላው ሞቷል፣ አለቃ እኔ ነኝ» ይላል፤ ሁለቱም ፋይል ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ሽቦው ሲጠገን የማን መዝገብ እውነት እንደሆነ አይታወቅም። ጎንደር ይህን በሰው አይታዋለች፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በመሳፍንቱ ዘመን ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፣ በየመሀሉም ሌላ ንጉሥ ነበር። ለማሽኖቹ የተገኘው መድኃኒት ሦስተኛ ወገን ማቆም ነው። ፋይል የማይይዝ፣ የማይነግሥ፣ «ማን አለ?» ሲባል ብቻ የሚመልስ ትንሽ ኮምፒዩተር። የዚህን ሦስተኛ ስም ስሰማ ሞጣ ጊዮርጊስ ትዝ አለኝ፤ ባለሙያዎቹ ምስክር ነው የሚሉት።

ኢሜይል ከፋይል ይልቅ ታጋሽ ነው። ላኪው ሰርቨር መጀመሪያ ወደ ዋናው አድራሻ ይሄዳል፤ ካልተከፈተለት ሁለተኛ አድራሻ ተመዝግቦ እንደሆነ ወደዚያ ያልፋል። ሁለቱም ቢዘጉ ደብዳቤውን ይዞ እየደጋገመ ያንኳኳል፣ እንደ ደንቡ አራት አምስት ቀን ያህል፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ለላኪው ይመልሳል። መብራቱ ወይም ኔትወርኩ ከሳምንት በላይ ሲጠፋ ታዲያ የመጣው ሁሉ ይመለሳል፤ ተቀባዩ እንደተጻፈለት እንኳ አያውቅም። ብዙ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ትቶ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሱ የሚልከው ሰንፎ አይደለም። የራሱን ደሴት ፈልጎ ነው። የመንግሥት መዝገብ በየሰዉ ስልክ መቅረቱ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ቸልታው የደሀ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 16፣ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው ከመጠባበቂያ ኃይል ባትሪዎች ነው፤ ከአደጋ ሊጠብቅ የተቀመጠው ራሱ አደጋ ሆነ። በዚያ ከጠፋው መካከል የመንግሥት ሠራተኞች ፋይላቸውን የሚያኖሩበት 858 ቴራባይት ክምችት ይገኝበታል። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ በጣም ስለበዛ ለመገልበጥ አልተመቸም ነበር ተባለ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 ጎግል በሶፍትዌር ስሕተት የአንዳንድ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ሳጥን ባዶ ሲሆንበት፣ በየማዕከሉ የነበሩትን ቅጂዎች ስሕተቱ ተከትሎ ነካቸው። ደብዳቤዎቹን የመለሰው መደርደሪያ ላይ ከመስመር ውጭ የተቀመጠ ቴፕ ነው። መስተዋት ጥፋትንም አስመስሎ ያሳያል፤ ጸሐፊው የተሳሳተውን ገልባጩ ይደግመዋል። ስለዚህ ተጠባባቂ ሰርቨር ያለው ሰው «ባክአፕ አለኝ» ሲል እኔ አላምነውም። ተጠባባቂው መብራት ሲሄድ ያገለግላል፤ ባክአፕ ደግሞ ሰው ሳያውቅ የሰረዘውን ይመልሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ እኔ ራሴ ፋይል በፍላሽ አድርጌ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ለማውቀው ሰው በአውቶቡስ ልኬያለሁ። አባቶቻችን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክተው በእግረኛ ይልኩ ነበር። ልዩነቱ ፍላሿ ከዘንጉ ማነሷ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ የሩቅ ማዕከልም እንደ ቅርቡ ክፍል አንድ ጎርፍ ሊወስደው እንደሚችል ነው። ፋይሉ ባሕር ማዶ በደኅና ተቀምጦ ሳለ ለአንተ ግን የለም።

ለነገ ያለኝ ሐሳብ ውድ አይደለም። የቢቸና መሥሪያ ቤት የሞጣን ቅጂ ቢያሳድር፣ ሞጣ የቢቸናን፤ በሌሊት፣ መስመሩ ሲቀል፣ የተለወጠውን ብቻ እየላኩ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ አንድ ቆፋሪ ሁለቱንም ከመስመር ሊያወጣቸው ይችላል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ደብረ ማርቆስ ይሁን፣ በየወሩም አንድ ዲስክ ታሽጎ በመኪና ይሂድ። ዋናውና ተጠባባቂው ደግሞ ሰሞን ይግቡ። ይህ ወር የዚህኛው፣ ቀጣዩ የዚያኛው። ብዙ የሠለጠነ መሥሪያ ቤት እንኳ ይህን መቀያየር ይፈራዋል፤ «የሚሠራውን ምን አስነካኝ» ይላል። የዲማ የኔታ እንዲህ ያለውን ተማሪ ቀለም አይሰጡትም ነበር።

ባለፈው ጊዜ ስመለስ ልጁ አዲስ ባትሪ አስገዝቶ፣ ሁለተኛውን ሰርቨር ግቢው ማዶ ወዳለው ቤት አዛውሮ አገኘሁት። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ ሲቀንስ፣ አለቃውን አስፈቅዶ የዋናውን ገመድ ነቀለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራት ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ የመስኮቷ ልጅ «ከፍቷል!» ብላ ጮኸች፤ ፋይሎቹ መጡ። እኔ ከስልኬ የላክሁት ኢሜይል ግን አልደረሰም፤ ሲያየው የሁለተኛውን አድራሻ ሳይመዘግብ ረስቶታል። ከት ብሎ ሳቀና ከመሳቢያው ሰማያዊ ደብተር አወጣ። ቀኑን ጻፈ፣ የሠራውን ጻፈ፣ ያልሠራውን ጻፈ፣ ከሥሩ የሚቀጥለውን ፈተና ቀን። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ አዙሮ እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ ጋሼ። እማኝ ብለው።»